አያትህ ማን ይባላል?
ስለ ዘር ሐረግ፣ ስለ ጎሳና ስለ ቤተሰብ ስም



ላምበረት አካባቢ በሚገኝ አንድ መድረሳ ከዓስር ሶላት በኋላ ልጆችን እናስተምራለን፤ ጠዋት ደግሞ በመደበኛ ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ነን። ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በመድረሳው ስለ ዝምድና መቀጠል ካስተማርን በኋላ ቀላል የመሰለንን አንድ የቤት ሥራ ሰጠን። «እያንዳንዳችሁ የአባቶቻችሁን ስም እስከ ሰባት ድረስ ጽፋችሁ አምጡ» አልናቸው። ልጆቹ ተደሰቱ። ቁርኣን ከመሐፈዝና የሒሳብ ጥያቄ ከመሥራት የቀለለ ነገር ያገኙ መሰላቸው።

በማግስቱ የመጡት ወረቀቶች ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። ከጅግጅጋ ከቤተሰቡ ጋር የመጣ የ11 ዓመት ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ 19 ስም ደረደረ። ብዙዎቹ አያታቸው ላይ ቆሙ። ቤተሰቧ ከወሎ የመጣ አንዲት ልጅ አራተኛው ስም ላይ አቁማ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ስንጠይቃት «አባቴ ይበቃል አለኝ፤ ቀጥሎ ያለው ስም ወልደ ብሎ ይጀምራል» አለችን። ከሁሉ በኋላ ግን አንድ የ12 ዓመት ልጅ ባዶ ወረቀት ይዞ መጣና ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ኡስታዝ፣ የትኛውን አባቴን ልጻፍ?» አለን።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያደረገን የእርሱ ጥያቄ ነው። ወደ እርሱ እንመለሳለን። አስቀድመን ግን ስለ ራሱ ስለ ነገሩ፣ ይኸውም ሰዎች ዘራቸውን ስለሚቆጥሩበትና ስም ስለሚያወርሱበት መንገድ ጥቂት እንበል።

«ልጆች» ማለት ነው

የጎሳ መጠሪያዎችን በየቋንቋው ብንመረምር አብዛኞቹ የሚያደርሱን ከሁለት ቃላት አንዱ ዘንድ ነው፤ ቤት ወይም ልጅ። ዐረቦች «በኑ» ይላሉ፤ የእገሌ ልጆች ማለታቸው ነው። በኑ ሃሺም ሲሉ የሃሺም ልጆች፣ በኑ መኽዙም ሲሉ የመኽዙም ልጆች ማለት ነው። ሶማሌው «ሬር» ይላል፤ የእገሌ ቤተሰብ። ኦሮሞው «ወረ» ይላል፤ ይህም ቤተሰብ፣ ወገን እንደማለት ነው። ጉራጌው ደግሞ «ቤት» ይልና ቸሃን፣ እዣን፣ ጉመርን፣ ሙሁርን፣ እነሞርን፣ ጌቶንና እንደጋኝን አንድ ላይ ሰባት ቤት ይላቸዋል።

ወደ ሩቁ ስኮትላንድ ብንሻገር እንኳ ነገሩ ያው ነው። እንግሊዞች ጎሳን የሚጠሩበት «ክላን» የተባለው ቃል የመጣው ከስኮትላንድ ደገኞች የጌሊክ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙ ልጆች ማለት ነው። በስማቸው መጀመሪያ ላይ የምናየው «ማክ»ም የእኛው «ወልደ»፣ የዐረቦቹ «ኢብን» ነው፤ ማክዶናልድ ማለት የዶናልድ ልጅ ማለት ነው። የአንዳንዶቹ ስም ደግሞ ቅጽል ነው። ካምቤል የሚባለው ታላቅ ጎሳ ስሙ «አፈ ጠማማ» ማለት ነው ይባላል። ይህንን ሰምቶ የሚስቅ ካለ፣ የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ የነበረው አል ጃሒዝም ለዘላለም የሚታወቅበት ስሙ «ዓይኑ የፈጠጠ» ማለት መሆኑን ያስታውስ።

ስኮትላንዶችን ያለ ምክንያት አላነሳናቸውም። ብዙ ሰው ጎሳ ማለት የአንድ ሰው ደም ብቻ ይመስለዋል። በስኮትላንድ ደጋ ግን የአንድ አለቃ ስም ከያዙት ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ የሥጋ ዘመዱ አልነበሩም፤ በመሬቱ ላይ ስለሰፈሩ፣ በጋሻው ጥላ ሥር ስለተጠለሉ ስሙን የወሰዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1746 በከሎደን ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የአለቆቹን የዳኝነት ሥልጣን ነጠቀ፣ የደገኞቹንም ልብስ እስከ 1782 ድረስ ከለከለ። ዛሬ እያንዳንዱ ጎሳ «የጥንት የአባቶቼ ነው» እያለ የሚያሳየው ባለመስመር ጨርቅ፣ ቀለሙ በጎሳ በጎሳ ተለይቶ የተደለደለው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ታዲያ ሰዎቹ ዋሹ እንበል? እኛ እንዲያ አንልም። ሰው ከተሰበረ በኋላ የአባቱን ነገር ሲፈልግ፣ ያገኘውንም ያላገኘውንም አንድ ላይ ይሰበስባል።

በእኛም አገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በኦሮሞ ባህል «ሞጋሳ» የሚባለው ሥርዓት ከሌላ ወገን የመጣን ሰው ወይም አንድን ሕዝብ በሙሉ የጎሳው አባል ያደርገዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው የጎሳውን ስም ይይዛል፣ መብቱንም ግዴታውንም ይካፈላል። ጥንት በዐረቦች ዘንድም ከአንድ ነገድ ጋር በቃል ኪዳን የተሳሰረ ወይም ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው «መውላ» ተብሎ በነገዱ ስም ይጠራ ነበር።

19ኙ ስሞች

ያ ከጅግጅጋ የመጣ ልጅ የጻፋቸው ስሞች ሶማሌዎች «አብቲርሲ» የሚሉት ቆጠራ ናቸው። የሶማሌ ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ አባቱ ወይም አያቱ እያስቆጠሩት ያድጋል። ይህን ለጌጥ አያደርጉትም። በምድረ በዳ ሁለት እንግዳ ሰዎች ሲገናኙ እየቆጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የጋራ አባት የተገኘበት ስም የዝምድናቸውን ርቀት ይነግራቸዋል። ውኃና ግጦሽ የሚካፈሉት፣ የደም ካሣ የሚያዋጡት በዚያ ልክ ነው። ሸሪዓችንም ባለማወቅ ለተገደለ ሰው የሚከፈለውን ካሣ የገዳዩ የአባት ወገን ዘመዶች («ዓቂላ») እንዲሸከሙት ስለሚያደርግ፣ የሶማሌ ባህልና ፊቅሁ እዚህ ላይ ሲገናኙ እናያለን። የኢሳ ሶማሌዎች በቃል ሲያስተላልፉት የኖሩት «ሔር ኢሳ» የተባለ ሕግ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ሆኖም ያው ቆጠራ በሌላ ቀን ሰውን ከሰው ለመለየት ይውላል። ይህንን ሶማሌዎች ራሳቸው ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ በጎረቤት ሶማሊያ የሆነውን ያየ ሰው ማስረዳት አያሻውም። ካሣ እንድታዋጣ የሚያደርግህ ስም ጠመንጃ እንድትደግንም ሊያደርግህ ይችላል።

ጋብቻን በሚመለከት ደግሞ በአገራችን ሙስሊሞች መካከል ያለው ልዩነት ያስገርማል። ብዙ የኦሮሞ ሙስሊሞች፣ እንዲሁም ብዙ የሰሜን ወገኖቻችን የአጎትን ልጅ ማግባት ሸሪዓው እንደማይከለክል እያወቁ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ይርቃሉ። አፋሮች ግን በ«አብሱማ» ልማዳቸው ወንዱ የአክስቱን ልጅ እንዲያገባ ይመርጣሉ። አንዱ ለመራቅ ይቆጥራል፣ ሌላው ለመቅረብ። ሸሪዓው በዚህ ላይ ሰፊ ነው፤ የተፈቀደውን ማንም ሐራም እንዳይለው፣ የተፈቀደውንም ማንም ግዴታ እንዳያደርገው ብቻ ይፈልጋል። «አብሱማህ ናት» ተብላ ያልፈለገችውን ሰው የምታገባ ልጅ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ የሴቷ ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚታሰር ኒካሕ በደል ነው።

ከወሎ እስከ የካ

ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ሰሜን በሚነሳ አውቶቡስ ላይ የተሳፈረ ሰው ሳያውቀው በጎሳ ስሞች መካከል ይጓዛል። ወረ ባቦ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ፣ ቦረና፣ ጅሌ። እነዚህ ዛሬ የወረዳና የአካባቢ ስሞች ናቸው፤ መነሻቸው ግን የኦሮሞ ወገኖች መጠሪያ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ከሚኖረው ሙስሊም ሕዝብ ውስጥ ብዙው ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ቋንቋው ተለወጠ፣ የአባትየው ስም በመሬቱ ላይ ቀረ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እኛ የምንኖርበት ላምበረት የስሙ ትርጉም ግልጽ ነው፤ የላም በረት። ክፍለ ከተማው ግን «የካ» ይባላል፤ ይህም ኤካ ከተባለው የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ የመጣ ስም ነው። ጉለሌና ገላንም እንደዚሁ የጎሳ ስሞች ናቸው። «የካ፣ የካ» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት በየቀኑ የአንድ ወገንን ስም ሲጠራ እንደሚውል ቢያውቅ ምን ይል ይሆን?

በወሎ ታሪክ ሁለት ስመ ጥር ቤቶች አሉ። አንደኛው የየጁ «ወረ ሼህ» ነው፤ የሼሁ ወገን ማለት ነው። የዚህ ቤት ሰዎች በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግድም ከታላቁ ራስ ዓሊ ጀምሮ፣ ዳግማዊ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል በካሣ ኃይሉ (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) እስኪሸነፉ ድረስ የጎንደርን ቤተ መንግሥት በእጃቸው አድርገው አገሪቱን አስተዳድረዋል። ሥልጣን ላይ ለመድረስ ክርስትናን የተቀበሉ ቢሆኑም ስማቸው ግን የሼሁ ወገን እንደሆነ ቀረ። ሁለተኛው የወረ ሂመኖው የ«ማመዶች» ቤት ነው፤ ስሙን ከመሐመድ የወሰደ። የዚህ ቤት ልጅ የነበሩት ኢማም መሐመድ ዓሊ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በግዴታ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድም በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተዋግተው ተማረኩ። አንድ ሰው ስሙን ተቀማ፣ ቤቱ ግን «ማመዶች» እየተባለ ቀጠለ። ከዚህ የተነሳ ነው ያቺ ተማሪያችን በአራተኛ አያቷ ስም እንዳታፍር የነገርናት። በወሎ አንድ የዘር ሐረግ ውስጥ መሐመድም ወልደም፣ እንድሪስም ገብሬም መገኘታቸው የአገሩ ታሪክ ነው። ደግሞስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦች መካከል የስንቱ አባት ነው በጣዖት ስም ይጠራ የነበረው? ማንም ከሐረጉ ላይ አልፋቀውም።

ስለ ወሎ ካነሣን የወሎ ሰው ዐረብኛውን ስም እንዴት እንዳለዘበው ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። ኢማም «ይማም» ሆነ፤ ኢድሪስ «እንድሪስ»፤ ኸዲጃ «ከድጃ»፤ ዘህራ «ዛራ»፤ ፋጢማ «ፋጡማ»። ዛሬ ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ «ይማም ምን ማለት ነው?» ተብለው ይጠየቁና ያፍራሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስሙ በአያቶቻችን አፍ ተሽቶ የተሠራ ነው።

ከጀበርት እስከ ካይሮ

በእስልምና ታሪክ ሰው በአባቱ ስም ብቻ አይታወቅም፤ «ኒስባ» የሚባል መጠሪያም አለው። ይህም ሰውየውን ከአገሩ፣ ከነገዱ ወይም ከሙያው ጋር ያያይዘዋል። የእኛ ምድር ሰዎች በዚህ መንገድ በዓለም ላይ ስማቸውን ተክለዋል። በሐነፊ መዝሀብ ታላቅ ቦታ ያላቸው ሁለት ዓሊሞች አሉ። አንዱ በ743 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ዑስማን ኢብን ዓሊ ሲሆኑ፣ ሌላው የ«ነስቡ ራያ» ደራሲ ጀማሉዲን ናቸው፤ እርሳቸውም ያረፉት በ762 ዓመተ ሂጅራ ነው። ሁለቱም የሚታወቁት «አዝ ዘይለዒይ» በሚለው የዘይላ መጠሪያ ነው። ዘይላ የሐረርና የኢፋት ነጋዴ ወደ ባሕር ይወርድበት የነበረ ወደብ መሆኑን አንባቢያችን ያውቃል።

ከእነርሱም በላይ በዓለም የታወቀው «አል ጀበርቲ» የሚለው ስም ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወርሩ በዓይናቸው አይተው የጻፉት ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. በ1825 ያረፉ) የተወለዱት ካይሮ ነው፤ አባታቸውም እዚያው ታዋቂ ዓሊም ነበሩ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ግን ከእኛው የአፍሪካ ቀንድ፣ ከጀበርት ምድር የሄዱ ናቸው። በአዝሐር መስጊድም የጀበርት ተማሪዎች ማደሪያ «ሪዋቅ» ነበራቸው። እንግዲህ ቤተሰቡ ለትውልዶች ግብፅ ኖሮ፣ ግብፃዊ ሆኖ፣ የወጣበትን አገር ስም ከላዩ ላይ አላወለቀም።

በአገራችንም ዓሊሞችን በቦታቸው መጥራት የቆየ ልማድ ነው፤ የዳናው ሼህ፣ የጀማ ንጉሡ ሼህ እንላለን። አንድ ደረሳ ከሼሁ የሚቀበለው ሰነድ ደግሞ እንደ ሁለተኛ የዘር ሐረግ ነው፤ እገሌ ከእገሌ፣ እርሱም ከእገሌ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ማለት አለብን። ብዙ የአገራችን ሙስሊም ቤተሰቦችና ነገሥታት ዘራቸውን ወደ ዐረብ ምድር ያደርሳሉ። የጥንቱ የሸዋ ሱልጣኔት ገዢዎች ከበኑ መኽዙም ነን ይሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ያስገበሩት የኢፋት ወላስማዎችም ከቁረይሽ ይቆጥሩ ነበር። ታላላቆቹ የሶማሌ ጎሳዎች ዳሮድና ይስሐቅ ከዐረብ አገር ከመጡ ሼሆች እንወርዳለን ይላሉ። በስልጤም ብዙ ቤተሰብ ቆጥሮ ቆጥሮ ሐጂ አልዬ ዘንድ ይደርሳል። ከእነዚህ ቆጠራዎች መካከል የእውነት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ያለበት ይኖራል፤ በቀይ ባሕር ላይ ሰው ሲመላለስ የኖረው ከጥንት ነውና። ነገር ግን ዲኑን ያስተማረን ሰው እንደ አባት ተቆጥሮ የተጻፈበትም ይኖራል። እኛን የሚያስቆጨን ሌላ ነው። ዐረብ አያት የሌለው ሙስሊም ያነሰ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ.) አገር ሰዎች ሆነን ይህንን ማሰባችን ይገርማል! ሰልማን አል ፋሪሲ (ረ.ዐ.) በቁረይሾች መካከል በዘሩ ሲጠየቅ ራሱን ከእስልምና በቀር ለሌላ አባት እንዳላስጠጋ ይተረካል።

ቅጹ የሚጠይቀው ስም

በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የተጸውዖ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው በአንቀጽ 32 ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ የቤተሰብ ስም የሚባለው ወረቀት ላይ ቀረ። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1934 የቤተሰብ ስም ያዙ ሲባሉ ያዙ፤ እኛ እንደ አይስላንዶች በአባታችን ስም ቀጠልን።

ችግሩ የሚመጣው ድንበር ስንሻገር ነው። እንበልና አሕመድ ሁሴን ዓሊ የሚባል አባወራ ፋጡማ ሰይድ ይማም ከምትባል ባለቤቱና ቢላል አሕመድ ሁሴን ከሚባል ልጁ ጋር ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። የውጭው መሥሪያ ቤት የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል። እንግዲህ አባትየው «ዓሊ»፣ እናትየዋ «ይማም»፣ ልጁ «ሁሴን» ይሆናሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ቤተሰብ! አንድ ወዳጃችን በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ «ይህ ልጅ ያንተ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ተብሎ ለሰዓታት ቆሟል። ለዚህ መድኃኒት ብለው ባለቤታቸውን በራሳቸው ስም የሚያስመዘግቡ ወንድሞች አሉ። እኛ አንመክርም። ሙስሊም ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም፤ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከሰው ልጆች ሁሉ በላጩን አግብታ ሳለች እንኳ የአቡ በክር ልጅ ተብላ ነው የኖረችው። ከመሄድ በፊት የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት አስተርጉሞና አረጋግጦ መያዝ ይሻላል።

ሐረግ ሲያቆስል

አቡ በክር (ረ.ዐ.) በዐረቦች የዘር ሐረግ ዕውቀት ታዋቂ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምድናችንን የምንቀጥልበትን ያህል የዘር ሐረጋችንን እንድንማር እንዳዘዙን ተላልፏል። ቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት የሰው ልጆች ነገዶችና ጎሳዎች የተደረጉት ይተዋወቁ ዘንድ መሆኑን፣ አላህ ዘንድ የሚከበረውም ይበልጥ የሚፈራው መሆኑን ያስተምረናል። አቡ ዘርም (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ አንስቶ ሲያነውረው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጃሂልያ ጠባይ ገሥጸውታል።

ይህንን ሁሉ በመድረሳ እናስተምራለን፤ ሆኖም ከሁለት ዓመት በፊት በሰፈራችን አንድ ለጋብቻ የደረሰ ወጣት፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ሥራ ያለው፣ ሽማግሌ ልኮ ተመለሰ። ምክንያቱ ከተጠና በኋላ ተገኘ፤ አያቱ ቀጥቃጭ ነበር። «አጥንቱ አይሆነንም» አሉ። ልጅቷ ፈልጋው ነበር፣ እርሱም ፈልጓት ነበር። አላህ ብረትን ያለዘበለት፣ ጥሩር የሚሠራ ነቢይ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ናቸው። ይህንን የነገርናቸው የልጅቷ አጎት «እሱማ ነቢይ ናቸው» ብለው መለሱልን። ምን ይባላል? ልጁ ዛሬ ሌላ ከተማ ነው፤ ስለ አያቱ ሲጠየቅ «ገበሬ ነበር» ይላል። በአንዲት እምቢታ አንድ ስም ከአንድ ሐረግ ላይ ተፋቀ።

የትኛውን አባት?

አሁን ወደ ተማሪያችን እንመለስ።

ልጁ በመድረሳውም በትምህርት ቤቱም የሚጠራው ባሳደገው ሰው ስም ነው። ወላጅ አባቱ የዚህ ሰው የልብ ጓደኛ ነበር፤ በደሴ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሲሞት ልጁ ገና የ3 ዓመት ሕፃን ነበር፤ እናቱም ቀደም ብላ ሞታለች። ጓደኛው አመጣው፣ አሳደገው፣ ትምህርት ቤት ሲያስገባው በራሱ ስም አስመዘገበው። ልጁ እውነቱን የሰማው ከጎረቤት ልጅ አፍ ነው፤ በጠብ መሐል።

ሰውየውን ቤቱ ሄደን አነጋገርነው። ሻይ አቀረበልን፣ ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና «ኡስታዝ፣ ልጄን ልትወስዱብኝ ነው የመጣችሁት?» አለን። ይህችን ቃል አንረሳትም።

የዘይድ ኢብን ሓሪሳን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነገርነው። ዘይድ በልጅነቱ ተማርኮ ተሸጠ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድም ደረሰ። አባቱ ፈልጎ መካ ድረስ መጥቶ ሲያገኘው፣ ወደ አገሩ ከመመለስ ከነቢዩ ጋር መኖርን መረጠ። ያን ጊዜ ልጄ ነው አሉት፤ ሰዉም የመሐመድ ልጅ ዘይድ ይለው ጀመር። በሱረቱል አሕዛብ ልጆች በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ሲታዘዝ ግን ወደ ሓሪሳ ልጅነቱ ተመለሰ። ፍቅራቸው ቀነሰ? አልቀነሰም፤ በኋላም ጦር የሾሙት እርሱን ነው። ከሰሓቦች መካከል ስሙ በቁርኣን ውስጥ የተጠቀሰውም እርሱ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ በሕዝባችን ዘንድ ብዙ መደናገር ስላለ ግልጽ እናድርገው። የቲምን ማሳደግ ከታላላቅ በጎ ሥራዎች አንዱ ነው። የተከለከለው ዘሩን መለወጥ ነው። በኦሮሞ «ጉዲፈቻ» ባህል ልጁ ስሙንም ውርሱንም ካሳደገው ያገኛል፤ የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግም ጉዲፈቻን ይፈቅዳል። በሸሪዓው ግን ያደገው ልጅ በወራሽነት አይቆጠርም፤ አሳዳጊው ከንብረቱ እስከ ሲሶ ድረስ ሊናዘዝለት ወይም በሕይወቱ ሳለ ሊሰጠው ይችላል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የአሳዳጊው ባለቤት ጡት ያጠባችው ልጅ ደግሞ የጡት ልጇ ስለሚሆን በቤት ውስጥ እንደ ልጅ ይቀመጣል። የእኛ ልጅ ይህ ዕድሜ አልፎት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ የአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትነትና የኑዛዜን ጉዳይ ስለሚያዩ፣ ወደዚያ መሄድ እንደሚችል ነገርነው።

«ስሙን ከወሰዳችሁበት እኔ ምኑ ነኝ?» አለ።

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ ኖሮ ብቅ አለችና «ያሳደግኸው ነህ፤ እሱን ማን ይወስድብሃል?» አለችው። እኛ ከያዝነው ሁሉ የእርሷ መልስ ሳይሻል አልቀረም።

ሰውየው የጓደኛውን ስም ከነአያቱ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አያውቅም። ሐይቅ አካባቢ የልጁ አባት አክስት እንዳሉ ሰምቶ ነበርና ስልክ ተፈልጎ ተገኘ። እሳቸው መጀመሪያ አለቀሱ፤ «ልጁ አለ እንዴ?» አሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ቆጠሩለት። አንዱን ስም ዘለሉና ተመልሰው አስተካከሉ። ዘጠኝ ደረሰ። የመጨረሻውን ሲጠሩ «ከዚያ ወዲያ ያለውን አባቴ ይዞት ሄደ» አሉ።

የትምህርት ቤቱ መዝገብና የልደት ወረቀቱ ገና አልተስተካከሉም፤ ጊዜ ይወስዳል። ወረቀቱን ግን ልጁ ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን አመጣልን። ዘጠኙ ስሞች በተራ ተጽፈዋል፤ ከሥር ትንሽ ክፍት ቦታ ትቶ «ያሳደገኝ አባቴ» ብሎ የሰውየውን ስም ከነአያቱ አስፍሯል። ልክ ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። ልክ ነው አልነው።

ለኢድ አክስቲቱ ልጁን ካላየሁ አሉ። ሰውየው ራሱ ከላምበረት መናኸሪያ በማለዳው አውቶቡስ ይዞት ሄደ፤ ለአክስቲቱ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ነጠላ ገዝቶ።

ወላሁ አዕለም።